ቡናው ደርሶ ወሬው ሲቀር

የአቅርቦት ሰንሰለት ሲባል ቶሎ ወደ ሐሳብ የሚመጣው መኪናና መጋዘን ነው። ዕቃው ወደ ገዢው ይሄዳል፣ ገንዘቡ ወደ አምራቹ ይመለሳል። ዕቃው ከማን ማሳ ወጣ፣ በማን እጅ አለፈ፣ ገዢውስ ምን ይፈልጋል የሚለው መረጃ ግን አብሮ መጓዝ ያለበት ሆኖ ሳለ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ይቀራል። የአቅርቦት ሰንሰለትን ሙያ መሠረት ለመረዳት የታጠበ ቡናን መከተል ይበቃል።

እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ መብላላት ይጀምራል፤ ስለዚህ ማጠቢያ ጣቢያው ከማሳው መራቅ አይችልም። ታጥቦ፣ አልጋ ላይ ተሰጥቶ እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ ግድም ሲወርድ ግን ጥድፊያው ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ በደህና መጋዘን ወራት ይቆያል። የሰንሰለት ባለሙያ አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ዕቃው የት ይቸኩላል፣ የት ይታገሣል? ክምችት የሚያዘው በሚታገሥበት ቦታ ነው። ቡናው ቢታገሥም ገንዘቡ አይታገሥም። ጣቢያው ለእሸቱ በጥሬ ብር ከፍሎ የሽያጩን ገንዘብ የሚያገኘው ዘግይቶ ነው፤ በመካከል ያለው ጊዜ በባንክ ወለድ ይቆጠራል።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2001 ዓ.ም. ቡና ማገበያየት ሲጀምር ያቃለለው ይህን የገንዘብ ጣጣ ነው። አስረክቦ ክፍያ ያገኝ እንደሆነ ይጨነቅ የነበረ አቅራቢ፣ ቡናው ደረጃ ወጥቶለት ከተሸጠ በማግሥቱ ገንዘቡ ይገባለት ጀመር። ትልቅ ሥራ ነው፤ ነቃፊዎቹ ይህን ሲዘነጉ አይገባኝም። ነገር ግን አንድ አካባቢና አንድ ደረጃ የተባለ ቡና አንድ ላይ ስለሚከማች የጣቢያው ስም ጠፋ፤ ለዚያ ጣቢያ ቡና ጨምሮ ሊከፍል የመጣ ገዢም የሚፈልገውን ለይቶ ማግኘት አልቻለም። የጠፋ መረጃ ደግሞ ዋጋን ብቻ አይጎዳም። ምርት ገበያው ቡና ማገበያየት ከመጀመሩ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ጃፓን በኢትዮጵያ ቡና ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት ስታገኝ ጥርጣሬው ያረፈው ጆንያው ላይ ነበር። የትኛው ጭነት በየት እንዳለፈ በማይለይበት ሁኔታ፣ የጥቂት ጆንያ ነገር የአገር ቡና ስም ይሆናል። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና ግብይት አዋጅ ለቀጥታ ሽያጭና ምንጭን ለመከታተል በር የከፈተው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

መረጃ ወጪ አለው፤ ግማሽ ሄክታር ላለው አርሶ አደር ስሙ ቢመዘገብ ምን ይጨምርለታል የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ለተራ ደረጃ ቡና እስከ ቅርብ ጊዜ እውነት ነበር። አሁን ግን የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ሕግ ቡናው የበቀለበትን ማሳ መገኛ ይጠይቃል፤ ሕጉ ሥራ ላይ ሲውል እ.ኤ.አ. ከ2020 ማብቂያ ወዲህ ደን ከተመነጠረበት መሬት የወጣ ቡናም አይገባም። መረጃው የዋጋ ማሳመሪያ መሆኑ ቀርቶ የመግቢያ ፈቃድ ይሆናል ማለት ነው። ተቃውሞው በአንድ ነገር ልክ ነው፤ የማሳ ካርታውን ወጪ አርሶ አደሩ ሊሸከመው አይችልም። መረጃውን የሚፈልጉት ላኪውና ገዢው ስለሆኑ መክፈል ያለባቸውም እነሱ ናቸው። ሕጉ የሚጸናበት ቀን ተራዝሟል እንጂ ሕጉ አልተሰረዘም።