የብረታ ብረት ፀረ-ባክቴሪያ ብቃት ሲለካ፦ የጠራው ክብ ምን ይናገራል?

ስዊዘርላንዳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ካርል ፎን ኔጌሊ መዳብና ብር በእጅግ አነስተኛ መጠን ሕያው ሕዋሳትን የሚጎዱበትን ጠባይ «ኦሊጎዳይናሚክ» ሲል የሰየመበት ጥናት በ1893 እ.ኤ.አ. ታትሟል። የእነዚህ ብረታ ብረት አየኖች ከባክቴሪያው ፕሮቲኖች ጋር ይጣበቃሉ፤ የሕዋሱንም ሽፋን ይጎዳሉ። ታዲያ ከአንኮበር ምንጭ የተቀዳ ውሃ በመዳብ ዕቃ ቢያድር ለመጠጥ ይበቃልን? መልሱ በሙከራው ዘዴ ይወሰናል።

የተለመደው ዘዴ የዲስክ ስርጭት ነው። ጥግግቱ 0.5 ማክፋርላንድ የሆነ የባክቴሪያ ብጥብጥ በሙለር ሂንተን አጋር ላይ ይቀባል፤ የብረታ ብረት ጨው ሟሙት የጠጣ ዲስክ ይቀመጥበታል፤ በ35 ዲግሪ ሴልሺየስ ከ16 እስከ 18 ሰዓት ከቆየ በኋላ በዲስኩ ዙሪያ የጠራው ክብ ስፋት በሚሊሜትር ይለካል።

ይሁን እንጂ የክቡ ስፋት አየኑ በአጋሩ ውስጥ በተጓዘበት ርቀትም ይወሰናል። ብር ከክሎራይድ ጋር ተዋህዶ ስለሚዘቅጥ ክቡ ሊጠብ ይችላል። ስለዚህ የሁለት ብረታ ብረት ክቦችን አስተያይቶ ብርቱውን መለየት አይቻልም። ክቡ እድገት መገታቱን እንጂ ባክቴሪያው መሞቱንም አያረጋግጥም።

ይህን ለመለየት በፈሳሽ ምግብ ውስጥ ደረጃ በደረጃ በማቅጠን ዝቅተኛው ገቺ መጠን ይፈለጋል። ካልደፈረሱት ቱቦዎች ናሙና ወስዶ በአዲስ አጋር ላይ በማሳደግ ደግሞ 99.9 በመቶውን የሚገድለው መጠን ይታወቃል።

እዚህ ላይ የደብረ ብርሃን ከፍታ ሊዘነጋ አይገባም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ በሆነ ስፍራ አውቶክሌቭ በጌጁ 15 ፒ.ኤስ.አይ. ሲያሳይ የእንፋሎቱ ሙቀት 121 ሳይሆን 116 ዲግሪ አካባቢ ነው። በሚገባ ያልመከነ ፈሳሽ በራሱ ይደፈርሳል፤ ብቁው ብረትም ደካማ መስሎ ይታያል። በመሆኑም ግፊቱን ብቻ ሳይሆን ሙቀቱን መቆጣጠር፣ ባክቴሪያ ያልተጨመረበትን ቱቦም አብሮ መፈተሽ ግድ ነው።

የምንጩን ውሃ ጉዳይ የሚፈታው ግን በራሱ በውሃው ላይ የሚደረግ ቆጠራ ነው። በየሰዓቱ በሚወሰደው ናሙና የአየኑ ሥራ በኢዲቲኤ ይገታል፤ በሕይወት የተረፈው ባክቴሪያም ይቆጠራል። የሟሟው መዳብም የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ካስቀመጠው በሊትር 2 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም። ሁለቱ ልኬቶች ሳይሟሉ በክብ ስፋት ብቻ ውሃውን ንጹሕ ማለት ጠጪውን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።