ሕመሙን የደበቀ ካሳ የለውም
ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው መንገደኞች የጉዞ ኢንሹራንስ በተመጣጣኝ ዋጋ እንዴት ያገኛሉ?

አንዲት የመሐል ሜዳ እናት ፍራንክፈርት የምትኖረው ልጃቸው የመውለጃዋ ቀን ቀርቦ፣ «እማዬ፣ መጥተሽ እረሺኝ» ብላ ጠርታቸዋለች እንበል። ዕድሜያቸው 66 ነው። ስኳርና ደም ግፊት ካገኛቸው ጥቂት ዓመታት ሆኗል፤ መድኃኒታቸውን ግን አያስታጉሉም። ለፓስፖርቱና ለቪዛው የሚሆን ገንዘብ በግ ተሸጦ ተገኝቷል። ቲኬቱን ልጅቱ ቆርጣለች። የቀረው የጉዞ ኢንሹራንስ ነው። አዲስ አበባ ያለው ወንድ ልጃቸው ቅጹን ሲሞላ «ከዚህ ቀደም የነበረ ሕመም አለ?» ከሚለው ጥያቄ ላይ ደረሰ። ከፍራንክፈርት በስልክ የመጣው ምክር አጭር ነው፤ «የለም በለው፤ አለ ካልክ ያስወድዱብናል።»

ይህ ምሳሌ ነው። ይሁንና ከመንዝም፣ ከግሼም፣ ከመርሐቤቴም ተነስቶ ልጁን ለመጠየቅ ባሕር ማዶ የሚሻገር ወላጅ ሁሉ ይኸው ጥያቄ ይጠብቀዋል። ወላጆች እንዲህ ዓይነቱን ጉዞ የሚያደርጉት ልጅ አድጎ፣ ተምሮ፣ ራሱን ከቻለ በኋላ ነው። ያ ዕድሜ ደግሞ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የልብና የኩላሊት ሕመም የሚበረታበት ነው። በመሆኑም «የለም» የሚለው መልስ በእርግጥ ወጪ ይቀንሳል ወይ? የሚለውን መመርመር ተገቢ ይሆናል።

ጥያቄው ለምን ይጠየቃል?

በቅሎ ገበያ የዋለ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ሻጩ የበቅሎዋን አመል ጠንቅቆ ያውቃል፤ ገዢው ግን አያውቅም። ስለዚህ ጥርሷን ያያል፣ ኮቴዋን ያነሳል፣ ያስረግጣታል። አሁንም ካላመነ ዋጋውን ይቀንሳል። በዚህ ዋጋ ደግሞ ደህናዋን በቅሎ የያዘ ሰው አልሸጥም ብሎ ይዟት ይመለሳል፤ ገበያው ላይ የምትቀረው አመለኛዋ ትሆናለች። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት ይህንኑ በአሮጌ መኪና ገበያ አስረድቷል። በዚያው ጽሑፍ ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች የሕክምና ኢንሹራንስ ለመግዛት የሚቸገሩበትን ምክንያት በምሳሌነት አንስቷል። በ2001 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማትን ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ተጋርቷል።

በኢንሹራንስ ገበያ ግን ቦታው ይገለበጣል። ስለ ሕመሙ የሚያውቀው ኢንሹራንሱን የሚገዛው መንገደኛ ነው፤ የማያውቀው ሻጩ ኩባንያ ነው። ኩባንያው ጤነኛውንም ሕመምተኛውንም በአንድ ዋጋ ላስተናግድ ቢል፣ ይበልጥ የሚመጡለት ሕመም ያለባቸው ይሆናሉ፤ አረቦኑ ይንራል፤ ጤነኛው ይሸሻል። ከዚህ ለመዳን ያለው ቀላሉ መንገድ ነባር ሕመምን ከሽፋን ማውጣት ነው። በዓለም ላይ የሚሸጡ አብዛኛዎቹ የጉዞ ፖሊሲዎች የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው።

ኤምባሲው የሚጠይቀውና ፖሊሲው የሚሰጠው

እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የሸንገን አገሮች የቪዛ ሕግ ቁጥር 810 በአንቀጽ 15፣ ለአጭር ጊዜ ቪዛ የሚያመለክት ሰው የጉዞ የሕክምና ኢንሹራንስ እንዲኖረው ያስገድዳል። የሽፋኑ መጠን ከ30 ሺህ ዩሮ ማነስ የለበትም። በሁሉም የሸንገን አገሮች የሚሠራ ሆኖ፣ ድንገተኛ ሕክምናን፣ የሆስፒታል አስቸኳይ እርዳታን፣ በሕመም ምክንያት ወደ አገር መመለስንና ሞትን የሚመለከት መሆን አለበት። ስለ ነባር ሕመም ግን ሕጉ በግልጽ የደነገገው ነገር የለም።

የብዙ ቤተሰብ ስህተት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ኤምባሲው የሚያየው የገንዘቡን መጠን፣ የአገሮቹን ዝርዝርና ቀኑን ነው። ወረቀቱ ይህን ካሟላ ያልፋል። ይሁን እንጂ ፖሊሲው የኤምባሲውን መስኮት ማለፉ አንድ ነገር ነው፤ የሆስፒታሉን ሒሳብ ክፍል ማለፉ ሌላ ነገር ነው። እኚያ እናት በበረዶ ላይ ተንሸራተው እግራቸው ቢሰበር ፖሊሲው ይከፍል ይሆናል። ስኳራቸው ከፍ ብሎ ራሳቸውን ቢስቱ ግን ያው ፖሊሲ «ነባር ሕመም ነው» ብሎ ሊመልሳቸው ይችላል።

ያን ጊዜ ዕዳው በማን ላይ ይወድቃል? ጀርመን ውስጥ እንግዳ የሚጋብዝ ሰው ብዙ ጊዜ የግዴታ ሰነድ ይፈርማል። የአገሪቱ የመኖሪያ ፈቃድ ሕግ እንደሚለው ይህን የፈረመ ሰው ለእንግዳው ኑሮ የወጣውን የመንግሥት ገንዘብ መልሶ ይከፍላል፤ የሕክምና ወጪም በዚህ ውስጥ ይገባል። በሌላ አነጋገር «የለም በለው» ያለችው ልጅ በአረቦኑ ላይ ጥቂት አተርፋለሁ ስትል የሆስፒታሉን ዕዳ በራሷ ላይ ልታመጣ ትችላለች።

የአስከሬን ጉዳይም አለ። ሞቱ ከነባር ሕመም ጋር ከተያያዘ አስከሬን ወደ አገር የመመለሱን ወጪ ፖሊሲው ላይሸፍነው ይችላል። ይህ ሲሆን መዋጮው በውጭ ባለው ማኅበርና በአገር ቤት ዘመድ ላይ ይወድቃል።

ሕጉ ምን ይላል?

የኢትዮጵያ የንግድ ሕግ በ1952 ዓ.ም. የወጣ ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ የተካው የተወሰኑትን ክፍሎች ብቻ በመሆኑ የኢንሹራንሱ ክፍል እንደጸና ቆይቷል። በዚህ ሕግ አንቀጽ 667 መሠረት መድን ገቢው ውል ሲዋዋል መድን ሰጪው የሚገባበትን አደጋ በሚገባ ለመመዘን የሚያስችለውን፣ ራሱ የሚያውቀውን ሁኔታ ሁሉ በትክክል የመግለጽ ግዴታ አለበት። አውቆ፣ ለማታለል የደበቀ ወይም ሐሰት የተናገረ እንደሆነ አንቀጽ 668 ውሉን ፈራሽ ያደርገዋል።

ማታለል ሳይኖር፣ ባለማወቅ ወይም በመርሳት የተዘለለ ነገር ሲሆን ግን ሕጉ ነገሩን ለዘብ ያደርገዋል። ውሉ አይፈርስም፤ አደጋው ከደረሰ በኋላ ከታወቀ ካሳው በተከፈለውና ሊከፈል ይገባ በነበረው አረቦን ልዩነት ልክ ይቀነሳል። ለምሳሌ ያህል መከፈል የነበረበት 9 ሺህ ብር ሆኖ 6 ሺህ ብር ብቻ ተከፍሎ ከሆነ፣ የ12 ሺህ ዩሮ ሒሳብ ሲመጣ ካሳው ሁለት ሦስተኛው ማለትም 8 ሺህ ዩሮ ይሆናል። የቀረው 4 ሺህ ዩሮ ከቤተሰቡ ኪስ ይወጣል።

«ማን ያውቅብናል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሱ ቀላል ነው። ሆስፒታል የገባ ሰው መጀመሪያ ከሚጠየቃቸው ነገሮች አንዱ «ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» የሚለው ነው። እውነቱን ካልተናገሩ ሕክምናው ራሱ አደገኛ ይሆናል፤ ከተናገሩ ደግሞ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ኩባንያው ካሳ ከመክፈሉ በፊት የሚጠይቀውም ያንን መዝገብ ነው።

የወረዳው ጤና መድን እስከ የት ያደርሳል?

ብዙዎች የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተር ስላላቸው ነገሩ ግራ ያጋባቸዋል። «እዚህ ስኳሬን ማንም አልጠየቀኝም፤ እዚያ ለምን ይጠይቁኛል?» ቢሉ አይፈረድባቸውም።

ልዩነቱ ያለው በአሠራሩ ላይ ነው። ጤና መድኑ በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር፣ ምዝገባው በግለሰብ ሳይሆን በቤተሰብ እንዲሆን ተደረገ። አባወራው ሕመምተኛዋን ሚስቱን ብቻ አስመዝግቦ ጤነኛ ልጆቹን ሊያስቀር አይችልም። ሁሉም አንድ ላይ ስለሚገባ የሕክምና ምርመራና የሕመም ጥያቄ አያስፈልግም፤ መዋጮውም በሕመም አይለያይም። ነገሩ የእድርን መንገድ የተከተለ ነው። ይሁን እንጂ ሽፋኑ የውጭ አገር ሕክምናን አይጨምርም። ደብተሩ ቦሌ ላይ ያበቃል።

ይህ ማለት ግን ለጉዞው አይጠቅምም ማለት አይደለም። በመሐል ሜዳ ሆስፒታል፣ በዓለም ከተማው እናት ሆስፒታል ወይም በደብረ ብርሃን በየጊዜው ክትትል ያደረገ ሰው ካርድ አለው፤ የስኳሩና የግፊቱ መጠን ተመዝግቦለታል። ከዚህ ካርድ ተነስቶ ሐኪሙ የሚጽፈው ደብዳቤ በኢንሹራንስ ገበያ ላይ ዋጋ አለው። ኩባንያዎች ይበልጥ የሚፈሩት ሕመሙን ብቻ ሳይሆን፣ በቅርብ ወራት መድኃኒት የተቀየረበትን፣ ሆስፒታል የተኛበትን፣ ያልተረጋጋ ሕመም ነው።

ዋጋውን ዝቅ የሚያደርጉ መንገዶች

የጉዞ ኢንሹራንስ ሽፋን የሚቆጠረው በውጭ ምንዛሪ በመሆኑ በብር ሲሰላ እየከበደ መጥቷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ዩሮ ላይ መጠንቀቅ ተገቢ ነው። የሚከተሉት መንገዶች እውነትን ሳይነኩ ወጪን ይቀንሳሉ።

አንደኛው ቀኑን መመጠን ነው። አረቦን በቆይታ ርዝመት ስለሚሰላ ለ35 ቀን የሚሄድ ሰው የ90 ቀን ፖሊሲ መግዛት አያስፈልገውም። ሆኖም ሽፋኑ ሙሉውን ቆይታ መያዝ አለበት።

ሁለተኛው ዕድሜን ማስላት ነው። ብዙ ኩባንያዎች 65፣ 70 ወይም 75 ዓመት ሲሞላ አረቦኑን ከፍ ያደርጋሉ። ልደቱ ሳይደርስ መጓዝ የሚቻል ከሆነ ልዩነት ያመጣል። ፓስፖርት ላይ የተመዘገበው የልደት ዘመን ወሳኝ ነው።

ሦስተኛው ኤክሰስ የሚባለው ነው፤ ከሆስፒታል ሒሳብ ላይ የመጀመሪያውን የተወሰነ መጠን ደንበኛው ራሱ ይችላል ማለት ነው። ለምሳሌ የመጀመሪያውን 200 ዩሮ እችላለሁ ያለ ሰው አረቦኑ ሊቀንስለት ይችላል። ቤተሰብን የሚያፈርሰው የ200 ዩሮ ሒሳብ ሳይሆን የ20 ሺህ ዩሮው ነው።

አራተኛው የጋባዡን አገር ገበያ መመልከት ነው። የሸንገን ሕግ ሌላ ሰው በተጓዡ ስም ኢንሹራንስ ሊገዛ እንደሚችል ይፈቅዳል። በጀርመን ገበያ ለውጭ አገር እንግዶች ተብለው የሚሸጡ ፖሊሲዎች አሉ። ከእነዚህም ውስጥ የነባር ሕመምን መደበኛ ክትትል ባይሸፍኑም፣ ያልታሰበና ድንገተኛ መባባስን የሚሸፍኑ ይገኛሉ። ልጅቱ መጠየቅ ያለባት ይህችን ሐረግ ነው።

አምስተኛው መልስን በጽሑፍ መቀበል ነው። ከኤምባሲው አጠገብ የተገኘውን የመጀመሪያ ወኪል ከመያዝ፣ ቢያንስ ሦስት ኩባንያዎችን አራት ነገር መጠየቅ ይበጃል። ነባር ሕመም በፖሊሲው ውስጥ እንዴት ተተረጎመ? በተጨማሪ አረቦን ማስገባት ይቻላል ወይ? አደጋ ሲደርስ ለማን፣ በስንት ሰዓት ውስጥ ይደወላል? ቪዛው ቢከለከል ገንዘቡ ይመለሳል ወይ?

እንግሊዝ አገር ይህን የመፈለግ ሸክም በከፊል ከደንበኛው ላይ አንስታለች። ከ2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሕመም ምክንያት ደንበኛን የመለሰ ወይም ከፍተኛ አረቦን የጠየቀ ኩባንያ፣ እንዲህ ያሉ ሰዎችን ወደሚያስተናግዱ ልዩ ኩባንያዎች ዝርዝር እንዲመራው ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን አስገድዷል። ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ግን ብዙ የሆነ አሠራር ነው፤ እኛም አገር ቢለመድ የሚጎዳ ኩባንያ አይኖርም።

በመጨረሻም ለሙሉው ቆይታ የሚበቃ መድኃኒት ከነማዘዣው መያዝ ያስፈልጋል፤ የተለመደ መድኃኒት መግዣን የጉዞ ኢንሹራንስ አይከፍልምና። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን በእጅ ሻንጣው ይያዝ፤ በዕቃ ክፍል ውስጥ ከበረደ ይበላሻል።

እንግዲህ ቅጹን የያዘው ወንድ ልጅ ፊት ሁለት ዋጋ አለ። «የለም» ካለ ዛሬ ጥቂት ብር ይተርፈዋል፤ እናቱ ግን ሕመማቸው ከተነሳ ያለ ኢንሹራንስ የሄዱ ያህል ነው። «አለ፤ የሐኪም ደብዳቤም ይኸው» ካለ ጥቂት ይጨምር ይሆናል፤ ኩባንያው እንቢ ካለውም ክፍተቱን እናቱ ሳይሳፈሩ ያውቀዋል፤ እህቱም እዚያ ሆና ልትሞላው ትችላለች። የበቅሎዋ አመል ገበያ ላይ ቢነገር ዋጋ ይቀንሳል እንጂ መንገድ ላይ አይጥልም።