ከምርምር አዳራሽ እስከ ውኃ በርሜል

በጅዳ ከተማ፣ ሸረፊያ በተሰኘው ሠፈር፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ የውኃ ቦቴ መኪና በአንድ ሕንፃ በር ላይ ቆሞ ማየት የተለመደ ነው። ነዋሪው በአገሬው አጠራር “ዋይት” ይለዋል። ከቦቴው የተዘረጋው ቱቦ ውኃውን ወደ ምድር ማጠራቀሚያው ያወርዳል፤ ፓምፑ ደግሞ ጣሪያ ላይ ወዳለው ታንከር፣ “ኸዛን” ወደሚባለው፣ ይገፋዋል። ከዚያ ወርዶ የማእድ ቤቱን ድስት፣ የውዱእ ማድረጊያውን፣ የልብስ ማጠቢያውን በርሜል ይሞላል። ከእነዚህ ዕቃዎች አንዱ ሳይከደን ከሳምንት በላይ ቢቆይ፣ የከተማዋ ተመራማሪዎች ለዓመታት ሲከታተሉት የኖሩት አደጋ እዚያው ቤት ውስጥ ሊፈለፈል ይችላል።

በዚያችው ጅዳ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 የተመሠረተው የንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ዩኒቨርሲቲ የናኖቴክኖሎጂና የአካባቢ ሳይንስ የምርምር ማእከላት አሉት። ከከተማዋ በስተ ሰሜን በቱወል፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተው የንጉሥ ዐብዱላህ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የባሕር ውኃን ስለ ማጣራት ይመራመራል። በመካ ደግሞ የኡሙል ቁራ ዩኒቨርሲቲ የሐጅና የዑምራ የምርምር ተቋም ይገኛል። የኬሚስትሪ፣ የአካባቢ ሳይንስና የሕዝብ ጤና ምሁራን በአንድ ዐውደ ጥናት ሲገናኙ የሚያነሡአቸው ጉዳዮች ከሩቅ ሲሰሙ የባለሙያ ብቻ ይመስላሉ። ብዙዎቹ ግን መጨረሻቸው ያው የውኃ ዕቃ ነው።

ስለ መካ ጤና ለመምከር ሊቃውንትን መሰብሰብ የትናንት ልማድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1865 ኮሌራ በሐጅ ወቅት ተነሥቶ፣ በጊዜው ከተገመቱት 90 ሺህ ያህል ሐጃጆች ወደ 15 ሺህ የሚጠጉትን እንደ ፈጀ ይነገራል። በሽታው በመርከብ ተጉዞ ወደ ግብፅና ወደ አውሮፓ ተሻገረ። በማግሥቱ ዓመት የብዙ መንግሥታት ሐኪሞችና ዲፕሎማቶች በቁስጥንጥንያ ተሰብስበው ስለ ኮሌራ መነሻና ስለ ሐጃጆች ጉዞ ተከራከሩ። ኮሌራን የሚያመጣው ተሕዋስ ምን እንደ ሆነ በዚያ ጉባኤ የተስማማ አልነበረም፤ ነገር ግን በሽታው ከሰው ጋር እንደሚጓዝ ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ በቀይ ባሕር ላይ የኳራንቲን ጣቢያዎች ተጠናክረው የሐጃጆች መርከቦች የሚፈተሹባቸው ሆኑ።

እ.ኤ.አ. በ1975 ደግሞ የሐጅ የምርምር ማእከል በጅዳ ተቋቋመ። ወደ መካ ተዛውሮ ዛሬ የኡሙል ቁራ ዩኒቨርሲቲ ተቋም የሆነው ይኸው ማእከል የሕዝብ ፍሰትን፣ የውኃን፣ የአየርንና የጤናን ጥናት በአንድ ጣሪያ ሥር አሰባስቧል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2010 ብዙ ሕዝብ በአንድ ስፍራ ሲሰበሰብ ስለሚያስፈልገው ሕክምና የሚመክር ዓለም አቀፍ ጉባኤ በጅዳ ተካሂዷል። ሚሊዮኖች በጥቂት ቀናት በአንድ ሸለቆ የሚሰበሰቡበት ሐጅ ለዚህ የሕክምና ዘርፍ ትልቁ ትምህርት ቤት ሆኗል።

ከእነዚህ ምክክሮች መካከል ፍሬው በእያንዳንዱ ሐጃጅ ክንድ ላይ የሚታየው የማጅራት ገትር ክትባት ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 በሐጅ ወቅት የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ከተነሣ በኋላ ክትባቱ ግዴታ ሆነ። በ2000 እና በ2001 ደግሞ “ደብልዩ 135” የተባለ ሌላ ዝርያ ተከሠተ፤ የቀድሞው ክትባት ይህን ዝርያ አይከላከልም ነበር። ከ2002 ጀምሮ አራት ዝርያዎችን የሚከላከል ክትባት ለሐጃጆች መስፈርት ሆነ። ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በተዘረጋው የማጅራት ገትር ቀጠና ለሚኖር ሕዝብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሐጃጁ ራሱን ብቻ ሳይሆን ሲመለስ የሚቀበሉትን ቤተሰቦቹንም ይጠብቃል። በዚህ ጉዳይ የሊቃውንቱ ውሳኔ ለእያንዳንዱ ሰው የደረሰው በር ጠባቂ ስለ ነበረው ነው፤ ክትባት ሳይከተቡ ቪዛ አይገኝም።

የውኃ በርሜል ግን በር ጠባቂ የለውም።

የጅዳ ታሪክ በአብዛኛው የውኃ ታሪክ ነው። ከተማዋ ወንዝ የላትም። በኦቶማኖች ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1907፣ የባሕር ውኃን በእንፋሎት የሚያጣራ መሣሪያ ተተከለላት፤ ሕዝቡም “ኪንዳሳ” ብሎ ጠራው። ዛሬ ከቀይ ባሕር ዳርቻ የሚነሣ የተጣራ ውኃ ለጅዳም ለመካም ይደርሳል። የናኖቴክኖሎጂ ትርጉም ለተራው ሰው የሚገለጠውም እዚህ ላይ ነው። ናኖሜትር የአንድ ሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው፤ የአንዲት ፀጉር ውፍረት በአማካይ 80 ሺህ ናኖሜትር ያህል ይሆናል። ጨውን ከውኃ የሚለየው ሥሥ ሽፋን ውኃውን የሚያሳልፈው ከአንድ ናኖሜትር በሚያንስ ክፍተት ነው። ውኃው ያልፋል፤ ጨው ይቀራል። ተመራማሪዎች ይህን ሽፋን ይበልጥ ሥሥና ጠንካራ ለማድረግ የሚደክሙት ያው ውኃ ባነሰ ጉልበት እንዲጣራ ነው።

የአካባቢ ሳይንስ ምሁሩ ግን ሌላ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፤ የቀረው ጨው የት ይሄዳል? በዓለም አቀፍ አማካይ ስሌት አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ሲመረት አንድ ሊትር ተኩል ያህል እጅግ ጨዋማ ውኃ ይተርፋል። ይህ ወደ ባሕር ሲመለስ በኮራልና በዓሣ ላይ ጉዳት እንዳያደርስ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሕዝብ ጤና ባለሙያው ደግሞ ሦስተኛውን ጥያቄ ይጨምራል፤ በዚህ ሁሉ ድካም የተጣራው ውኃ ቤት ከደረሰ በኋላስ በምን ዕቃ ይቀመጣል?

ይህ ሦስተኛው ጥያቄ በጅዳ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የደንጊ ትኩሳት ቫይረስ በከተማዋ ታካሚዎች ደም ውስጥ ተለይቶ ታወቀ፤ ከዚያ ወዲህ በሽታው በጅዳና በመካ በተደጋጋሚ ታይቷል። ቫይረሱ ራሱ 50 ናኖሜትር ያህል ነው። የሚያስተላልፈው ኤደስ ኢጂፕቲ የተባለው፣ እግሮቹ ነጭ ዥንጉርጉር የሆኑ ትንኝ ነው። የወባ ትንኝ አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት ስትናከስ፣ ይህ ግን በቀን፣ ይልቁንም በማለዳና ከመግሪብ በፊት ባሉት ሰዓቶች ይናከሳል። ረግረግ አይፈልግም፤ የሚወደው በሰው ቤት የተቀመጠ ንጹሕ ውኃን ነው። እንቁላሉን ከውኃው ከፍ ብሎ በዕቃው ግድግዳ ላይ ያጣብቀዋል። ውኃው ቢደፋም እንቁላሉ ደርቆ ለወራት ይቆይና ውኃ ሲነካው ይፈለፈላል። ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ የሚወስደው ጊዜ በሙቀት ከሰባት እስከ ዐሥር ቀን ያህል ብቻ ነው።

በዓለም ዙሪያ በሚካሄዱ የናኖቴክኖሎጂ ዐውደ ጥናቶች ለዚህ መፍትሔ ተብለው ከሚቀርቡት መካከል ከዕፅዋት ጭማቂ የሚዘጋጁ የብር ናኖ ቅንጣቶች ይገኙበታል። በቤተ ሙከራ የትንኙን እጭ እንደሚገድሉ ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል። ነገር ግን የአካባቢ ሳይንስ ምሁሩ ቅንጣቶቹ በውኃና በዓሣ ላይ ስለሚያስከትሉት ነገር ይጠይቃል፤ የሕዝብ ጤና ባለሙያውም ለውዱእና ለምግብ በሚውል ውኃ ውስጥ ምን ሊጨመር እንደሚገባ ያመዛዝናል። ሦስቱን በአንድ ጠረጴዛ ማስቀመጥ የሚያስፈልገው አንዱ ያገኘውን መልስ ሌላው እንዲፈትነው ነው። እስከዚያው ድረስ ግን ሦስቱም የሚስማሙበት መሣሪያ ክዳንና ብሩሽ ነው።

ለኢትዮጵያውያን ይህ የባሕር ማዶ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የደንጊ ትኩሳት በድሬዳዋ ወረርሽኝ ሆኖ ተረጋገጠ፤ በ2019 ደግሞ በዚያው ትንኝ የሚተላለፈው ቺኩንጉንያ በከተማዋ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አሳመመ። ከሁሉ የሚያስገርመው አኖፌለስ ስቴፌንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ ጉዳይ ነው። መኖሪያዋ ደቡብ እስያና የዐረብ ባሕረ ገብ ምድር የነበረው ይህች ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2012 በጅቡቲ፣ በ2016 በሶማሌ ክልል በቀብሪ ደሃር ተገኘች። እርሷም እንደ ኤደስ በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትራባለች። በ2022 በድሬዳዋ በበጋ ወራት የወባ ወረርሽኝ ሲነሣ፣ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎችና አጋሮቻቸው ጉዳዩ ከዚህች ትንኝ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይተዋል። “ወባ የቆላና የክረምት በሽታ ነው” የሚለው የቆየ እምነት በከተማ በርሜል ፊት ጸንቶ ሊቆም አልቻለም።

እንግዲህ ከሸረፊያ እስከ ድሬዳዋ አንድ ዓይነት እውቀት ያስፈልጋል፤ ያም እውቀት መድረስ ያለበት ውኃውን በእጁ ለሚይዝ ሰው ነው። በርሜሉን የሚያጥበው ብዙውን ጊዜ ጥናቱን ያቀረበው ምሁር አይደለም። የቤት ሠራተኛዋ፣ የሕንፃው ጠባቂ፣ በአንድ ክፍል ተሰብስበው የሚኖሩ ወንድሞች ናቸው። በሚገባቸው ቋንቋ ካልሰሙት፣ በአዳራሽ የተደረሰበት ስምምነት ከአዳራሹ ደጃፍ አያልፍም።

የሚሰሙትም ቀላል ነው። ማንኛውም የውኃ ዕቃ በደንብ ይከደን። ባልዲና በርሜል ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ይደፋ፤ መድፋት ብቻ ግን አይበቃም፤ እንቁላሉ ግድግዳው ላይ ስለሚጣበቅ ውስጡ በብሩሽ ይፈተግ። ከአየር ማቀዝቀዣ የሚንጠባጠበውን የሚቀበለው ዕቃና የአበባ ማስቀመጫው ሥር የሚቀረው ውኃም አይዘንጋ። ድንገተኛ ትኩሳት፣ ከዓይን ጀርባ የሚሰማ ሕመምና ብርቱ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ሲመጣ “ጉንፋን ነው” ብሎ አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን መዋጥ የመድማት አደጋን ይጨምራል፤ ለትኩሳቱ የሚመከረው ፓራሲታሞልና ብዙ ፈሳሽ ነው። ከባድ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት ወይም የድድ መድማት ከታየ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ቤት መሄድ ይገባል። በተለይ ትኩሳቱ ሲበርድ የተሻለው የሚመስለው በሽተኛ በዚያው ሰዓት ሊከፋበት እንደሚችል ማወቅ ሕይወትን ያድናል። በሳዑዲ ዐረቢያ የጤና ሚኒስቴር የምክር መስመር 937 ነው።

ከ1865 እስከ ዛሬ ሊቃውንቱ ብዙ ተሰብስበዋል፤ እያንዳንዱ ጉባኤም ከቀዳሚው የተሻለ አውቋል። የእውቀቱ መለኪያ ግን በመጨረሻ የሚገኘው ሸረፊያ ውስጥ፣ በአንድ ሕንፃ ጣሪያ ላይ፣ በኸዛኑ አፍ ላይ በተቀመጠው ክዳን ነው።