የበረሃ ንብርብሮች አገላለጽና ስያሜ፦ የሐዳር ምሳሌ

በአፋር ክልል፣ በአዋሽ ወንዝ አጠገብ የሚገኘው ሐዳር በዓለም የታወቀው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በተገኘችው ድንቅነሽ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ እንዳላት የምናውቀው አጥንቷን መርምረን ሳይሆን የተገኘችበት የአለት ንብርብር ተለይቶ በመታወቁ ነው። ለመሆኑ የአለት ንብርብሮች የሚገለጹትና የሚሰየሙት እንዴት ነው?

መግለጫው ይቀድማል

ደለል አለት የሚፈጠረው ውኃ ወይም ነፋስ ያመጣው ጠጠር፣ አሸዋና ጭቃ ተከማችቶ ሲጠነክር ነው። ዴንማርካዊው ኒኮላስ ስቴኖ እ.ኤ.አ. በ1669 እንዳስረዳው፣ ንብርብሮቹ ካልተገለበጡ በስተቀር የታችኛው ከላይኛው በዕድሜ ይበልጣል። በረሃ ለዚህ ጥናት ይመቻል። ዕፅዋትና ጥልቅ አፈር አለቱን አይሸፍኑትም፤ ድንገተኛ ጎርፍም ገደሉን እየሸረሸረ ንብርብሮቹን ያጋልጣቸዋል።

ባለሙያው በቅድሚያ የሚመዘግበው በዓይን የሚታየውንና በእጅ የሚዳሰሰውን ነው፦ ውፍረቱን፣ ቀለሙን፣ የቅንጣቶቹን መጠን፣ የያዘውን ቅሪተ አካልና ከጎረቤት ንብርብሮች ጋር የሚገናኝበትን ወሰን። «የቀንድ አውጣ ዛጎል የያዘ፣ በስሱ የተነባበረ ጭቃማ አለት» ብንል መግለጫ ነው፤ «እዚህ ሐይቅ ነበረ» ብንል ግን ትርጓሜ ነው። ትርጓሜ በአዲስ ጥናት ሊለወጥ ስለሚችል ሁለቱን ለይቶ መጻፍ ያስፈልጋል።

ስሙና ወሰኑ

የስያሜው ዋና አሃድ ፎርሜሽን ይባላል። ይህም በአለት ባሕርዩ ከአጎራባቾቹ የሚለይና በካርታ ላይ ሊሰፍር የሚችል የንብርብሮች ስብስብ ነው። ስሙ አለቱ በጉልህ ከሚታይበት ቦታ ይወሰዳል፤ ፎርሜሽኑም ሜምበር ወደሚባሉ ክፍሎች ሊከፈል ይችላል።

ፈረንሳዊው ሞሪስ ታይብና ባልደረቦቹ ያጠኑት ሐዳር ፎርሜሽን አራት ሜምበሮች አሉት። እነርሱም ከታች ወደ ላይ ባዛል፣ ሲዲ ሐኮማ፣ ደነን ዶራና ካዳ ሐዳር ናቸው። ባዛል የተሰየመው ከሁሉ በታች በመሆኑ ሲሆን ሌሎቹ ስማቸውን ያገኙት ከአካባቢው ደረቅ ወንዞች ነው። የሦስቱ የላይኛ ሜምበሮች መነሻ ወሰን የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። አመድ በአጭር ጊዜ ሰፊ ቦታ ይሸፍናል፤ በውስጡ ያሉት ማዕድናትም በአርገን ዘዴ ዕድሜያቸው ይለካል። የሲዲ ሐኮማ አመድ 3.4፣ የካዳ ሐዳር አመድ ደግሞ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ድንቅነሽ የተገኘችው ከካዳ ሐዳር አመድ ጥቂት ከፍ ብሎ ነው።

ስም ሲሻሻል

ከሁሉ በላይ ያሉት ጠጠራማ ንብርብሮች ቀደም ሲል የካዳ ሐዳር ሜምበር አካል ሆነው ይቆጠሩ ነበር። ይሁንና በመካከላቸው የተሸረሸረ ገጽ አለ፤ ከ2.9 እስከ 2.7 ሚሊዮን ዓመት በፊት የነበረው ዘመን መዝገብ ጠፍቷል። በመሆኑም እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት የላይኞቹን ቡሲዲማ ፎርሜሽን ብሎ ለያቸው። በአቅራቢያው በጎና የተገኙት፣ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላቸው የድንጋይ መሣሪያዎች የሚገኙት በዚሁ በቡሲዲማ ውስጥ ነው። በድንቅነሽ ዘመንና በመሣሪያ ሠሪዎቹ ዘመን መካከል አለት ያላስቀመጠልን ጊዜ መኖሩ በስያሜው ግልጽ ሆነ።

ከንብርብሩ የተነጠለ ቅሪተ አካል አብዛኛውን ታሪኩን ያጣል። ስለዚህ በመስክ ጉዞ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥመን ከቦታው ሳናነሳ፣ የተገኘበትን ሥፍራ በጥንቃቄ መዝግበን ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ ይገባናል።