ባለ 26ቱ ማውንቴን

ሐይቅ ከተማ ላደገ ሰው «ማውንቴን» ማለት ተራራ አይደለም። ተራራው አምባሰል ነው፤ ሌላ ስም አያስፈልገውም። ማውንቴን ብስክሌት ነው፤ ጎማው ወፍራምና ጥርሳም፣ መሪው ቀጥ ያለ፣ ከፊትም ከኋላም ማርሽ የተደራረበበት። ቃሉ በእንግሊዝኛ ተራራ ማለት መሆኑን የተማርኩት መንዳቱን ከለመድኩ በኋላ ነው፤ ስሰማውም ስሙ የተገባው መሰለኝ።

ያ ብስክሌት አሁን አርጅቷል። በአሜሪካ፣ በእንግሊዝ፣ በጀርመንና በጃፓን በጉርምስናቸው የነዱት ሰዎች ዛሬ አሮጌውን ማውንቴን እያፈላለጉ ይገዛሉ፤ ቀለሙን ሳይነኩ፣ የጎደለውን በዚያው ዘመን ዕቃ እየሞሉ ያኖሩታል። እኔም ሕመሙ አለብኝ። አገሬ ላይ ግን መሰብሰብ የሚከብድበት የራሱ ምክንያት አለው፤ ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ማሽኑን ላስተዋውቅ።

ከማውንቴን በፊት የምናውቀው የቻይናውን ፎኒክስ ነበር። ጥቁር፣ ረጅም፣ ከባድ፣ ጎማው 28 ኢንች፣ ማርሽ የሌለው። ለአሥራ አንድና ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ኮርቻው ስለማይደረስ አንድ እግራችንን ከላይኛው ብረት ሥር አሾልከን፣ ወደ ጎን ተንጋድደን ነበር የምንነዳው። ታላቅ ወንድሜ ከኋላ ይዞኝ ይሮጥና ሳይነግረኝ ይለቀኛል። ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የለመደው፤ ቢሆንም የእኔን ቀን የእኔ ብቻ አድርጌ ይዣታለሁ።

ማውንቴን በ1980ዎቹ መጨረሻ መጣ። በኪራይ ነው የነዳነው። አከራዩ የእጅ ሰዓቱን አይቶ ይሰጠናል፣ ሰዓቱን አይቶ ይቀበለናል። ሐይቅ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከአስፋልቱ ወደ ሐይቁ የምንወርድበት መንገድ ያኔ ጠጠርና አቧራ ነበር። በፎኒክስ ግማሽ ሰዓት ተከራየን ማለት ጥቂት ደቂቃ ቁልቁል በረን፣ የቀረውን ብስክሌቱን እየገፋን በእግራችን ተመለስን ማለት ነው። ገንዘባችን የሚያልቀው በመግፋት ነበር። በማውንቴን መጀመሪያ የወጣሁ ዕለት ግን መሀል ላይ እግሬ ሲዝል ማርሹን ወደ ትንሹ መለስኩት። ፔዳሉ በድንገት ቀለለ። ብስክሌቱ እንደ ኤሊ ይሄዳል፣ ግን ይሄዳል። ሳልወርድ አስፋልቱ ላይ ደረስኩ። ከዚያ በኋላ ያገኘኋቸው ብዙ ደስታዎች የዚያን ያህል አልቆዩብኝም።

ምስጢሩ ሒሳብ ነው። ጎማው 26 ኢንች የሆነ ብስክሌት አንዴ ሲዞር ከ2 ሜትር ጥቂት ያለፈ መንገድ ይሄዳል። ከፔዳሉ ጋር ባለ 28 ጥርስ፣ ከኋላም ባለ 28 ጥርስ ማርሽ ከተያያዘ፣ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማውም አንዴ ይዞራል፤ ዳገት የሚወጣው በዚህ ነው። ከፊት 48፣ ከኋላ 14 ሲሆን ግን አንዷ ዙር 7 ሜትር ትወስዳለች፤ ይህ ለሜዳና ለቁልቁለት ነው። ፎኒክስ ከሁለቱ መሀል አንዷን ብቻ መርጦ ይዞ ነበር የሚኖረው። እንደ ወሎ ባለ አገር፣ ከአንዱ ቀበሌ ወደ ሌላው መሄድ ሽቅብና ቁልቁል በሆነበት፣ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

ማሽኑ የተወለደው ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን ባለው የማሪን አውራጃ፣ ታማልፓይስ የተባለው ተራራ አካባቢ ነው። (ከዚህ በታች የውጭውን ታሪክ ስተርክ ዓመቶቹና ወሮቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1970ዎቹ እዚያ የነበሩ ወጣቶች፣ ብዙዎቹ የአስፋልት ተወዳዳሪዎች፣ ከ1930ዎቹና ከ40ዎቹ የተረፉ ወፍራም ጎማ ያላቸው ሽዊን ብስክሌቶችን ከየጋራዡ ጥግ እያወጡ ተራራ ላይ ይነዷቸው ጀመር። ጆ ብሪዝ የተባለው ከመካከላቸው አንዱ የ1941 ስሪት ሽዊን በ5 ዶላር ነው የገዛው። ይህን ሳነብ ልቤ ሞቀ። ማውንቴን የተወለደው ከአሮጌ ብስክሌት ነው፤ ወላጆቹም አሮጌ ዕቃ የሚያፈላልጉ ልጆች ነበሩ። 26 ኢንች የሆነው መጠንም ከእነዚያ ሽዊኖች የተወረሰ ነው እንጂ ለተራራ ተብሎ የተሰላ አልነበረም።

የሚወርዱበት አንድ መንገድ ሪፓክ ይባላል፤ «እንደገና መሙላት» እንደ ማለት ነው። የእነዚያ አሮጌ ብስክሌቶች ፍሬን የኋላ ጎማ መሀል ውስጥ ነው ያለው፤ ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት ይይዛል። ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል በማይሞላ መንገድ 400 ሜትር ያህል ቁልቁል ሲወርዱ ፍሬኑ ይግላል፣ በውስጡ ያለው ግራሶ እየጨሰ ያልቃል። ታች ሲደርሱ ፈትቶ አዲስ ግራሶ መሙላት ግድ ነው፤ ስሙም ከዚህ መጣ። የመጀመሪያው ውድድር ጥቅምት 21 ቀን 1976 ተደረገ። የመንገዱ ክብረ ወሰን 4 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ ሲሆን የያዘውም ጋሪ ፊሸር ነው። የቁልቁለት ልጅ የሆነ የሐይቅ ጎረምሳ ይህን ጭስ ያውቀዋል፤ የእኛ የሚሸተው ግን የፍሬኑ ጎማ ነበር።

አሮጌዎቹ እየተሰበሩ ሲያስቸግሩ ጆ ብሪዝ በ1977 ለተራራ ብሎ አዲስ ብስክሌት ሠራ። ያ የመጀመሪያው ብስክሌት ዛሬ በአሜሪካ በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ይገኛል። በ1979 ጋሪ ፊሸርና ቻርሊ ኬሊ ቶም ሪቺ በሚሠራው አካል ብስክሌቶችን እየገጣጠሙ መሸጥ ጀመሩ፤ ለድርጅታቸው ያወጡለት ስም የማሽኑ ስም ሆኖ ቀረ። በ1981 ስፔሻላይዝድ የተባለው ኩባንያ ስተምፕጃምፐርን ጃፓን አሠርቶ በብዛት ገበያ ላይ አወጣ፤ ባለ 15 ማርሽ ነበር። በዓመቱ ሺማኖና ሰንቱር የተባሉት ዕቃ አምራቾች ለተራራ የታሰቡ ማርሾችና ፍሬኖች ይዘው መጡ። ከዚያ በኋላ ዓለምን ለመሙላት ዐሥር ዓመት አልፈጀበትም። በ1990 የመጀመሪያው ይፋዊ የዓለም ሻምፒዮና በኮሎራዶዋ ዱራንጎ ተካሄደ። በ1996 ደግሞ ኦሊምፒክ ገባ፤ እኛ በፋጡማ ሮባና በኃይሌ ገብረሥላሴ ወርቅ የምናስታውሰው አትላንታ ላይ ሆላንዳዊው ባርት ብሬንትየንስና ጣሊያናዊቷ ፓኦላ ፔዞ የማውንቴንን የመጀመሪያ ወርቅ ወሰዱ። ክረምቱ በእኛ አቆጣጠር የ1988 ሐምሌ ነበር። እኛም ሐይቅ ላይ ሳንቲም እያጠራቀምን ማውንቴን የምንከራየው በዚያው ዘመን ነው፤ በዚያው ማሽን ላይ ሆነን ወሬውን ግን አልሰማንም።

ሰብሳቢዎች የሚሹት ከጅምሩ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ያለውን ነው። አካሉ ብዙውን ጊዜ ብረት ነው። የፊት ሹካው ቀጥ ያለ ነው፤ ሾክ አብሶርበር በብዛት የመጣው ሮክሾክስ በ1989 ካወጣው በኋላ ነው። የማርሽ መቀየሪያው በብዙዎቹ ላይ ከመሪው በላይ ተቀምጦ በአውራ ጣት ይገፋል። የፍሬን ሽቦው ከጎማው በላይ ሁለት ተከፍሎ ሦስት ማዕዘን ይሠራል። በ1996 ሺማኖ ባለ ረጅም ክንዱን ፍሬን ሲያወጣ ያ ሦስት ማዕዘን ቀስ በቀስ ጠፋ። በ2010ዎቹ ፋብሪካዎች ወደ 29ና ወደ 27.5 ኢንች ጎማ ሲዞሩ ደግሞ ባለ 26ቱ ከነክብሩ ወደ ኋላ ቀረ። አዲሱ በፍጥነትም በምቾትም ይበልጠዋል፤ ይህን የሚክድ ነጂ አላውቅም። ሰብሳቢው ግን ፍጥነት አይፈልግም። አሥራ አምስት ዓመቱ ላይ በሱቅ መስታወት አሻግሮ አይቶት መግዛት ያልቻለውን፣ ወይም ተከራይቶ የመለሰውን ነው የሚፈልገው። የአገራችን አራቱ ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው፤ ሁለቱ የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው፣ አንደኛው ራሱ ናፍቆቱ ነው። ይህን በሽታ ለወሎ ሰው ማስረዳት አያደክምም።

የአሮጌ ማውንቴን ዕድሜ የሚነበብበት አንድ ዘዴ አለ፤ ሳውቀው በጣም ደስ ብሎኛል። የዚያ ዘመን የሺማኖ ዕቃዎች ከሥራቸው ወይም ከጀርባቸው ሁለት የላቲን ፊደላት ታትመውባቸዋል። የመጀመሪያው ፊደል ዓመቱ ነው፤ «ኤ» 1976 ሆኖ በተራ ይቀጥላል። ሁለተኛው ወሩ ነው፤ «ኤ» ጥር፣ «ቢ» የካቲት እያለ ይሄዳል። ይህን ያወቀ ሰው ማርሹን ገልብጦ ከነወሩ ይነግርዎታል። ለሐይቅ ሰው ይህ እንግዳ ሥራ አይደለም። እዚያው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን የተጻፈ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ወንጌል ይገኛል፤ ዘመኑ የታወቀው ወንጌሉ ላይ በሰፈረው ማስታወሻ ነው። ብስክሌትን ከወንጌል ጋር ማስተካከሌ አይደለም። አሮጌ ነገር ራሱ ላይ የተጻፈውን አንብቦ መጠበቅ እዚህ አገር ሰባት መቶ ዓመት ያለፈው ልማድ ነው ለማለት ነው።

ታዲያ ሐይቅ ላይ አሮጌ ማውንቴን ለምን ብርቅ ሆነ? እኛ ዘንድ ብስክሌት አያረጅም፤ ይበተናል። አካሉ ቢሰበር ብረት ስለሆነ ማንኛውም ብየዳ ቤት ይበየዳል፤ በኋላ የመጣው አሉሚኒየም ቢሆን ይህን ዕድል አያገኝም። ቸርኬው ሲጣመም ራጂው ይጠበቃል ወይ ይላላል፤ ከመነዳሪው በማስቲሽ ይለጠፋል፣ እንደገና ይለጠፋል። ኮርቻው ለአንዱ፣ ሰንሰለቱ ለሌላው ይሄዳል። ቸርኬ፣ ራጂ፣ ፍሬን፣ ከመነዳሪ፣ ማስቲሽ፣ ዳዶ፣ ቡሎን፤ የጠጋኞቻችን ቋንቋ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ማውንቴኑም ከካሊፎርኒያ ተነሥቶ እዚህ ሲደርስ ክርስትና የተነሣው በእነዚህ ቃላት ነው። ሃያ ዓመት የቆየ ብስክሌት ላይ ከመጀመሪያው ዕቃ አካሉ ብቻ ይገኛል፤ አንዳንዴ እሱም አይገኝ። ሰብሳቢ «ያልተነካ» የሚለው ነገር እኛ ጋ ሊኖር የሚችለው የማይሠራ ብስክሌት ላይ ብቻ ነው፤ የማይሠራውን ደግሞ ቆራሌ ይወስደዋል።

የሚያስቆጨኝ ይህ ነው። በብስክሌት ባዕድ አይደለንም። ኢትዮጵያ መጀመሪያ ኦሊምፒክ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ብስክሌተኞቻችን በቡድን 9ኛ ወጥተዋል። የመቀሌው ጽጋቡ ግርማይ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ቱር ደ ፍራንስ ላይ በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። የአስፋልቱ ታሪክ ቢያንስ መዝገብ አለው። በአቧራው ላይ፣ በኪራይ፣ በሰዓት ተቆጥሮ የተነዳው ማውንቴን ግን አንድም ቁራጭ ሳይቀመጥለት እያለቀ ነው። ለእያንዳንዱ ከተማ አንድ፣ እንደነበረ የቆየ፣ ቢገኝ ለልጆቻችን ማሳየት እንችል ነበር። እኔ ሙዚየም አልልም፤ አንድ ጥግና አንድ ሚስማር ይበቃል።

የእኔ አንድ ነው። ከቆራሌ የገዛሁት ቀይ የብረት አካል፣ ቀጥ ያለ ሹካ፣ የተላጠ ቀለም። ፍሬኖቹን ከሁለት ቦታ አሟላሁ። ጎማ አዲስ ነው፤ ይህን ማንም ይቅር ይለኛል። የጠፋው የቀኝ እጅ የማርሽ መቀየሪያ ነው፣ በአውራ ጣት የሚገፋው፣ ያን ዕለት ዳገቱ መሀል ላይ የመለስኩት ዓይነት። ለሁለት ዓመት ያህል ፈለግኩት። ባለፈው ሐይቅ ስሄድ አንድ ልጅ ሁለት ጀሪካን ውኃ የጫነ ማውንቴን ከጠጋኙ ደጅ አቁሞ ጎማ ሲያስነፋ አገኘሁት። መሪው ላይ አየሁት፤ የምፈልገው ነው። ጎንበስ ብዬ ከሥሩ አነበብኩ፦ «ፒ» እና «ኤፍ»። ፒ 1991፣ ኤፍ ሰኔ። በእኛ አቆጣጠር ደርግ በወደቀ ማግሥት፣ 1983፣ ሐይቅ ላይ ማንም ስለ ብስክሌት በማያስብበት ወር የተሠራ ነው።

«ጋሼ፣ ምን ሆነብኝ? ተሰበረ እንዴ?» አለኝ ልጁ ደንግጦ።

«አልተሰበረም። ይሠራል ወይ?»

አውራ ጣቱን አስቀምጦ ገፋው። ሰንሰለቱ ከጥርስ ወደ ጥርስ ቀጭ እያለ ወጣ፣ ተመልሶም ወረደ። ዳገት ላይ ትንሹ ማርሽ ባይኖር ውኃው እቤት አይደርስም አለኝ።

ሽጥልኝ ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ዘጋሁት። ሁለቱን ፊደላት ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። ልጁ ጀሪካኖቹን በገመድ አጥብቆ አሰረ፣ ማርሹን ወደ ትንሹ መለሰና ዳገቱን ሳይወርድ ወጣው።