ውኃ መጋቢ ዘንግ በጊንጪ፦ የመስኮት ማጽጃ መሣሪያን ከማስመጣትና ከመሸጥ በፊት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታና በአዲስ ዓለም በኩል ወደ አምቦ የሚጓዝ መንገደኛ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲያልፍ ጊንጪ ይደርሳል። የደንዲ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ጊንጪ በግብርና ተመራማሪዎች ዘንድ ስሟ የሚነሣው በጥቁር መረሬ አፈሯ ነው። ይኸው አፈር በክረምት ጭቃ ይሆናል፤ በበጋ ደርቆ በመኪና ጎማ ሲፈጭ ደግሞ አቧራ ሆኖ ይነሣል። በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ የቆሙት ባለ መስታወት ሕንፃዎች የዚህ አቧራ ማረፊያ ናቸው። የምድር ቤቱን መስታወት ማጽዳት ማንንም አያስቸግርም። ከዚያ በላይ ያለው ግን የሚጸዳው በአጣና መሰላል፣ ከጣሪያ በወረደ ገመድ፣ አለዚያም አንድ ወጣት በመስኮቱ ወጥቶ ጠርዙ ላይ በመቆም ነው። ይህ ጸሐፊ አንድ ቀን ማለዳ በሦስተኛ ፎቅ ጠርዝ ላይ የቆመ ልጅ በአንድ እጁ የመስኮቱን ብረት ጨብጦ በሌላው መስታወት ሲጠርግ አይቷል። ወገቡ ላይ ገመድ ነበረ፤ የገመዱ ሌላ ጫፍ የታሰረው ግን ከውስጥ ባለ የጠረጴዛ እግር ላይ ነበር።

ይህን ሥራ ከምድር ሳይለቁ ለመሥራት የሚያስችል መሣሪያ አለ። ውኃ መጋቢ ዘንግ ልንለው እንችላለን። አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገቡ ቱቦዎች ተሳስበው የሚረዝሙበት፣ ጫፉ ላይ ብሩሽ የተገጠመለት፣ ቀጭን የውኃ ጎማ የሚያልፍበት ረጅም ዘንግ ነው። ሠራተኛው መሬት ላይ ቆሞ ብሩሹን ከመስኮቱ ያደርሳል፤ በፓምፕ የተገፋው ውኃ በብሩሹ መካከል ይወጣል፤ ብሩሹ ቆሻሻውን ያላቅቃል፤ ውኃው ያጥበዋል። ሳሙና አይገባበትም፤ በጎማ መጥረግና በጨርቅ ማድረቅም የለም። መስታወቱ እንደ ራሰ ይተዋል፤ በራሱም ይደርቃል። መሣሪያው በአሜሪካ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይታወቃል። በብሪታንያ ለመስፋፋቱ አንዱ ምክንያት በ2005 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የከፍታ ሥራ ደንብ ነው፤ ደንቡ አሠሪዎች በተቻለ መጠን ሠራተኛን ወደ ከፍታ ከመላክ እንዲቆጠቡ ያዛል።

ይህ ጸሐፊ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ዘንግ አስመጥቶ የመሸጥ ሐሳብ ያደረበት ከዚያ ማለዳ በኋላ ነበር። ከውጭ በሚመጣ ሰው አንድ ዘንግ አስገዝተን ለማሳያ እንዲሆነን የአንድ ባለ ሁለት ፎቅ ሕንፃ መስኮቶች አጠብን። ውኃውን የቀዳነው ከግቢው ጉድጓድ ነው። ሥራው ሲያልቅ መስታወቱ ያበራ ነበር፤ ባለቤቱም ተደሰቱ። ፀሐይ ካገኘው ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን መስኮቱ ሁሉ ነጫጭ ነጠብጣብ አወጣ። ባለቤቱ «አቧራው ይሻለኝ ነበር» ብለው ሳይከፍሉን ቀሩ። ፍርዳቸው ትክክል ነበር። ዘንጉን እንጂ ውኃውን አልገዛንም፤ ስለ ውኃው አላሰብንምም።

ነገሩ በአምቦ ዙሪያ ለሚኖር ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባውም ነበር። ከ1930 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ የሚሸጠው የአምቦ ውኃ ጣዕሙን የሚያገኘው በውስጡ ከሟሙት ካልሲየም፣ ማግኒዥየም፣ ሶዲየምና ባይካርቦኔት ነው። ብርጭቆ ላይ የቀረ የአምቦ ውኃ ሲደርቅ ነጭ ቀለበት የሚተወውም ስለዚሁ ነው። ከጉድጓድ የሚወጣ ውኃ መጠኑ ይነስ እንጂ ተመሳሳይ ማዕድናትን ይዞ ይወጣል፤ ሻይ በሚፈላበት ማንቆርቆሪያ ግርጌ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ምስክሩ ነው። ውኃ ሲተን የሟሟው ነገር አብሮት አይተንም፤ መስታወቱ ላይ ይቀራል። በጨርቅ የሚጠርግ ሠራተኛ ይህን ዝቃጭ ሳያውቀው ከውኃው ጋር አብሮ ያነሣዋል። ዘንጉ ግን የሚያደርቀው ሰው ስለሌለው ውኃው ራሱ ምንም የማይተው መሆን አለበት።

የዚህ መለኪያ በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ የሟሟው ጠጣር በሚሊ ግራም ነው፤ እንደ እስክርቢቶ ባለ አነስተኛ መሣሪያ ይለካል። በሙያው የተለመደው ልክ ከ10 በታች ነው። ወደዚያ የሚያደርሱ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ሪቨርስ ኦስሞሲስ ሲሆን ውኃውን በግፊት በቀጭን ስስ ሽፋን ውስጥ አሳልፎ ከጠጣሩ ዘጠና በመቶውንና ከዚያም በላይ ያስቀራል። ነገር ግን በቂ ግፊት ይፈልጋል። ከሚገባውም ውኃ ብዙውን፣ አንዳንዴም ከግማሽ በላይ፣ ማዕድኑን ተሸክሞ እንዲፈስስ ያደርገዋል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ጎረቤት ጄሪካን ይዞ ተሰልፎ ሳለ ይህን ያህል ውኃ ወደ ቦይ መልቀቅ ከወጪውም በላይ የሚያሳፍር ነገር ነው። ሁለተኛው መንገድ ሬዚን ነው፦ እንደ ዓሣ እንቁላል የደቀቁ የፕላስቲክ ቅንጣቶች የማዕድናቱን አዮኖች ይይዙና በምትካቸው ውኃ የሚሆኑትን ሃይድሮጅንና ሃይድሮክሳይድ ይለቃሉ። ውኃ አይባክንም፤ ኤሌክትሪክም አያስፈልግም። ሬዚኑ ግን ሲሞላ ያልቃል።

የንግዱ ሒሳብ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሊትር ቅልቅል ሬዚን በግምት 25 ግራም የሟሟ ማዕድን ይይዛል ብንል 25 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር 625 ግራም ገደማ ይሸከማል። የሚገባው ውኃ በሊትር 300 ሚሊ ግራም ያለው ከሆነ ሲሊንደሩ 2,000 ሊትር ያህል አጣርቶ ይሞታል። ውኃው 20 ሚሊ ግራም ብቻ ቢኖረው ግን ያው ሲሊንደር ከ30,000 ሊትር በላይ ይሰጣል። ሬዚኑ ያው፣ ዋጋውም ያው ሆኖ ልዩነቱ አሥራ አምስት እጥፍ ነው። በአሲድና በኮስቲክ ሶዳ አጥቦ መልሶ ማደስ ይቻላል፤ ሆኖም በግቢ ውስጥ የሚሞከር ሥራ አይደለም።

በሊትር 20 ሚሊ ግራም ያለው ውኃ ከየት ይገኛል? በምዕራብ ሸዋ መልሱ ከሰማይ ነው። ዝናብ ምድርን ገና ስላልነካ ማዕድን አልሟሟበትም፤ ከንጹሕ ቆርቆሮ ላይ የተሰበሰበ እንደ ሆነ መጠኑ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት አሥር ሚሊ ግራም አያልፍም። 100 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 1,000 ሊትር ነው፤ አምስተኛው ቢባክን እንኳ 800 ይቀራል። ዘንጉ በደቂቃ አንድ ሊትር ተኩል ያህል ስለሚጠቀም ይህ ለዘጠኝ ሰዓት ያህል ሥራ ይበቃል። ችግሩ ዝናቡ በሰኔና በመስከረም መካከል መብዛቱ፣ አቧራው ደግሞ ከጥቅምት በኋላ መምጣቱ ነው። ስለዚህ ሮቶ ያስፈልጋል፤ ብርሃን የማያስገባ ጥቁሩ ይመረጣል፤ ብርሃን ካገኘ ውኃው አረንጓዴ ያወጣል። ከረጅም ደረቅ ወቅት በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያ ዝናብ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ ወደ ሮቶው አይገባም፤ ይፈስሳል። ከዚያ በኋላ የተጠራቀመው በጨርቅና በካርቦን ማጣሪያ አልፎ ወደ ሬዚኑ ቢገባ ሬዚኑ ዓመት ሊቆይ ይችላል።

ወደ ዘንጉ ስንመለስ ጥያቄው ከምን ይሠራ የሚል ነው። ገበያው ላይ አሉሚኒየም፣ ፋይበርግላስ፣ ካርቦን ፋይበርና የሁለቱ ድብልቅ ይገኛሉ። አሉሚኒየም ርካሽ ነው። ፋይበርግላስ እስከ ስድስትና ሰባት ሜትር ድረስ በደንብ ይታዘዛል፤ ከዚያ በኋላ ይከብዳል፤ ጫፉም እንደ ሸምበቆ ይወዛወዛል። ካርቦን ቀላልና ቀጥ ያለ በመሆኑ አሥርና አሥራ አምስት ሜትር የሚደርሱት በብዛት ከእርሱ የተሠሩ ናቸው። ሻጮች የሚያሞግሱትም እርሱን ነው።

ካርቦን ግን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ድብልቁም ካርቦን ስላለበት እንዲሁ ነው፤ አሉሚኒየምማ አይነሣ። ይህን በጊንጪ ዋና መንገድ ላይ ቆሞ ማሰብ ያሻል። ሕንፃዎቹ የተሠሩት መንገዱን ተከትለው ነው፤ የኤሌክትሪክ ምሰሶዎችም መንገዱን ተከትለው ተተክለዋል። በከተሞቻችን የመካከለኛ ኃይል ማከፋፈያ መስመሮች 15 ወይም 33 ኪሎ ቮልት የሚሸከሙ ሲሆኑ ሽቦዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ሽፋን የላቸውም። የሚያልፉትም ዘንጉ በሚደርስበት በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ ትይዩ ነው። ልጁን ከመስኮቱ ጠርዝ ያወረደ መሣሪያ፣ እግሩ እርጥብ መሬት ላይ ሆኖ ሽቦ የሚነካ ረጅም ብረት ሊያስጨብጠው ይችላል። ንጹሕ ውኃ ኤሌክትሪክ እምብዛም አያስተላልፍም የሚለው የመማሪያ ክፍል ዕውቀት እዚህ አያድንም፤ ውኃው ከመስታወቱ አቧራ ጋር በተገናኘ ቅጽበት ማስተላለፍ ይጀምራል፤ የረጠበና የቆሸሸ ፋይበርግላስም ቢሆን አስተማማኝ መከላከያ አይደለም።

ስለዚህ ሻጩ ለገዢው የሚያስረዳው አንድ ደንብ ይኖራል፦ ዘንጉ ሙሉ በሙሉ ተስቦ በየትኛውም አቅጣጫ ቢወድቅ ሽቦ የማይነካበት ቦታ ላይ ብቻ ይሠራበታል። ሽቦው ከዚያ የቀረበ ከሆነ የሕንፃው የፊት ለፊት ገጽ የኤሌክትሪክ አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ መስመሩን እስኪያጠፋ ድረስ አይነካም፤ ጎኑና ጀርባው ይጸዳል። የፊቱ ገጽ ደግሞ ባለቤቱ በይበልጥ እንዲያምርለት የሚፈልገው ነው። ይህን ለደንበኛ መናገር ሽያጭ ያሳጣል። እኛም ሁለት ጊዜ አሳጥቶናል። ሕጉ በዚህ ረገድ ለሻጩም ለገዢውም እምብዛም አይደርስለትም፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅ ቢያስገድድም በጊንጪ መስኮት የሚያጥበው ወጣት በብዛት የቀን ውል የያዘ እንጂ ተቀጣሪ አይደለም።

በእኔ ግምት ለዚህ መስመር ከተሞች የሚስማማው እስከ ሁለተኛ ፎቅ የሚደርስ ፋይበርግላስ ነው። ከዚያ በላይ ላለው ቦታ ካርቦኑ ለሽያጭ ሳይሆን ቦታውን አይቶ ከሚሠራ ባለሙያ ጋር በኪራይ ቢቀርብ ይሻላል። ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝመው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ዓይነቱ ሕንፃ ደግሞ ጭራሹን የዘንግ ጉዳይ አይደለም። አዲስ ሕንፃም እንዲሁ፤ መስታወት ላይ የደረቀ ሲሚንቶና ቀለም በብሩሽ አይለቅም።

የማስመጣቱን ነገር ባጭሩ። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል፤ ስለዚህ በውጭ ድረ ገጽ ላይ ርካሽ የሚመስል ዕቃ ጊንጪ ሲደርስ ርካሽ አይደለም። በዓለም አቀፉ የሸቀጥ ምደባ ብሩሽ በ96.03፣ ፓምፕ በ84.13፣ የውኃ ማጣሪያ በ84.21፣ ሬዚን በ39.14 ይመደባል። «የመስኮት ማጽጃ ሙሉ ዕቃ» ተብሎ በአንድ ደረሰኝ የመጣ ጭነት በጉምሩክ ሲበታተን ያልታሰበ ሒሳብ ሊያመጣ ስለሚችል ደረሰኙን አስቀድሞ በየዓይነቱ ማስከፈል ይጠቅማል። ቶሎ የሚያልቁት ዕቃዎች የቱቦ ማጥበቂያዎች፣ የብሩሹ ጸጉርና የውኃ አፍንጫዎቹ ናቸው። ከአሥር ዘንግ ይልቅ አምስት ዘንግና የአምስቱን መለዋወጫ ማምጣት የበለጠ ብልህነት ነው፤ አንዲት ማጥበቂያ የተሰበረችበት ዘንግ ማገዶ እንኳ አይሆንም።

ጊንጪ ብቻዋን አንድ ዘንግ ሻጭ አታኖርም። ከሆለታ እስከ ጉደር ያለው መንገድ በሙሉ፣ አምቦ ካሉት ባንኮችና ሆቴሎች ጋር፣ ገበያው ሊሆን ይችላል። በየከተማው አንድ ጣሪያና ሁለት ሮቶ ቢኖር ዘንጉ ተሸጦ ካለቀም በኋላ በሊትር የሚሸጥ ንጹሕ ውኃ ይቀጥላል። እኛ የጀመርነው ከዚህ ነው፦ በጊንጪ በአንድ ግቢ ሁለት ሮቶ ክረምቱን ሞልተዋል፤ ነጠብጣብ የሠራንባቸውን መስኮቶችም በጥቅምት ያለ ክፍያ መልሰን አጥበናል። ባለቤቱ ፀሐዩ ወጥቶ መስታወቱ እስኪደርቅ ድረስ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው ጠበቁ፤ ከዚያም የጎረቤታቸው ሕንፃ ስንት መስኮት እንዳለው ይቆጥሩልን ጀመር። በጎረቤታቸው ሕንፃ ፊት ለፊት ሽቦ አለ።