የደረት መሰርጐድና ሕክምናው

ጓደኞቹ ሸሚዛቸውን አውልቀው ለዋና ወደ ውሃ ሲገቡ፥ «በረደኝ» ብሎ ዳር የሚቀመጥ ወጣት አይታችሁ ይሆናል። ብርዱ ምክንያት ነው፤ እውነቱ ግን በደረቱ መካከል ያለው ጐድጓዳ ሊሆን ይችላል።

ከልደት የሚመጣ የደረት ጉድለት በብዛት የሚታየው በሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ወደ ውስጥ የሰረጐደ፥ ሁለተኛው እንደ ርግብ ደረት ወደ ፊት የወጣ ነው። የሰረጐደው ከ300 እስከ 400 ከሚደርሱ ሕፃናት በአንዱ ላይ እንደሚገኝ ይገመታል፤ በወንዶችም ይበዛል። በሁለቱም የጐድን አጥንትን ከፍርምባ ጋር የሚያያይዘው ልም አጥንት አስተዳደጉ የተስተካከለ አይደለም። ልጁ በጉርምስና ፈጥኖ ሲረዝም ጉድለቱም ይጐላል፤ ስለዚህ እፍረቱ የሚብሰው ሰው ስለ መልኩ እጅግ በሚጨነቅበት ዕድሜ ነው። ስርጕደቱ ጥልቅ የሆነ እንደ ሆነ ግን ልብንና ሳንባን ተጭኖ ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ያሳጥራል።

በ1949 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ሐኪም ማርክ ራቪች የተጣመመውን ልም አጥንት ቈርጦ በማውጣት ፍርምባውን የሚያቃናበትን ዘዴ ገለጸ። በ1987 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዶክተር ዶናልድ ነስ በቨርጂኒያ፥ ኖርፎክ ከተማ፥ ልም አጥንቱን ሳይቈርጥ ማቃናት ጀመረ። ይኸውም በደረት ግራና ቀኝ በሚከፈት ትንሽ ቀዳዳ የተቈለመመ ብረት ከፍርምባው በስተኋላ አሳልፎ ደረቱን ወደ ውጭ መግፋት ነው። ብረቱ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ያህል ቈይቶ ይወጣል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕመም ብርቱ ነው፤ አልፎ አልፎም ብረቱ ከቦታው ይንሸራተታል፤ ልብ የሚጐዳበት ጊዜም፥ ጥቂት ቢሆንም፥ አለ።

መልኩን ብቻ ለማሳመር ለሚሻ ሰው በልኩ የተሠራ ሲሊኮን ወይም ከራሱ ገላ የተወሰደ ስብ በጐድጓዳው ይሞላለታል። ይህ ግን ጕድጓዱን ይሸፍናል እንጂ በልብና በሳንባ ላይ ያለውን ጫና አያነሣም። ያለ ቢላዋም መንገድ አለ፤ አጥንቱ ገና ላልጠነከረ ልጅ፥ ወደ ፊት ለወጣው ደረት በየቀኑ ለብዙ ሰዓት የሚታሰር መደገፊያ፥ ለሰረጐደውም አየር እየሳበ ደረቱን የሚያነሣ መሣሪያ ይሰጣል።

እንግዲህ ከመወሰን በፊት ልብንና ሳንባን ማስመርመር ይገባል። ልብና ሳንባ ያልተነኩ እንደ ሆነ፥ መታከምም አለመታከምም የባለቤቱ ፈቃድ ነው። ሐኪም ዘንድ መቅረብ አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረውስ በሰው አፈጣጠር መሳቅ ነው።